የላባው ሥዕልና የአባባ ዳምጤ ጋቢ

እኔ የምላችሁ፣ ሰው ድምፅ የሌለውን ሥራ ለምንድን ነው የማያምነው?

እስቲ ልብ ብላችሁ እዩ። ዕቃ የምታጥብ ልጅ ሳህኑን ካላንቀጫቀጨች «ምነው፣ ተኛሽ እንዴ?» ትባላለች። ሚኒባስ ጥሩምባ ካልነፋ የሚሄድ አይመስልም። የልብስ እጥበትማ አይነሳ። ድንጋይ ላይ ጧ! ጧ! ካላለ፣ ጎረቤትም ካልሰማ፣ ልብሱ ውኃ ነካው እንጂ ታጠበ አይባልም።

አክስቴም እንደዚያ ናት፣ ያለ ድምፅ የሚጠራ ልብስ የለም ባይ። ቡታጅራ ውስጥ ትንሽ የልብስ ማጠቢያ ቤት አላት። ከቡኢ ሲመጣ ከተማው መግቢያ ላይ፣ መንገድ ዳር ናት። ከፊት አንድ ክፍል፣ ከኋላ አንድ ክፍል። ከፊት አክስቴ ሰው ታስተናግዳለች፣ ከኋላ እኔና ማሽኑ አለን። እኔ ለምን ከኋላ ሆንኩ? መናገር ስለማልችል ነው። ዲዳ አይደለሁም። ዓይን አፋር ነኝ።

ምን ያህል ዓይን አፋር እንደሆንኩ ልንገራችሁ። ስምንተኛ ክፍልን እንደምንም ጨርሼ ከቡኢ ወደ አክስቴ ስመጣ፣ ማደያው ጋ ውረጂ ብላኝ ነበር። ማደያውን አየሁት። የቀረኝ ነገር «ወራጅ አለ» ማለት ብቻ ነው። አፌን ከፈትኩ። አየር ወጣ። ማደያው አለፈ። አሁንስ ብዬ እንደገና ከፈትኩ። አንድ ትምህርት ቤት አለፈ። ሚኒባሱ መናኸሪያ ገብቶ ሰው ሁሉ ሲወርድ አብሬ ወረድኩና ሻንጣዬን ተሸክሜ ያንን ሁሉ መንገድ በእግሬ ተመለስኩ። አክስቴ በዚያ በኩል ለምን እንደመጣሁ ስትጠይቀኝ «ከተማውን ልይ ብዬ ነው» አልኳት። እሷም አመነች። ያን ቀን ከተማውን በደንብ አየሁት፣ እውነት ነው።

ወደ ማሽኑ ልመለስ።

ማሽኑን ያመጣው መርካቶ የሚነግደው አጎቴ ነው። አይሱዙ ላይ ጭኖ አመጣና ሶኬቱን ሰካ። ፊቱ ላይ ያለውን መዞሪያ ወዲያ ወዲህ አዟዟረ። ከዚያ የአክስቴን ቀይ የጥፍር ቀለም ተቀብሎ አንድ ቦታ ላይ ነጠብ አደረገበት። «እዚህ ላይ አድርጉና እጠቡ፣ ሌላውን እንዳትነካኩ» ብሎ በዚያው መኪና ተመለሰ። መዞሪያው ዙሪያ ብዙ ነገር ተሥሏል። ጽሑፉ የየት አገር እንደሆነ ዛሬም አላወቅንም። አንዱ ሸሚዝ ነው፣ አንዱ ሳፋ ውስጥ የገባ እጅ ነው፣ አንዱ ደግሞ ላባ ነው። ላባውን አክስቴ አየችና «ይሄ ዶሮ ለሚያጥቡበት ነው» አለች። ትስቁ ይሆናል። እኔ ግን ሦስት ወር ሙሉ አምኛለሁ።

ቀዩ ነጥብ ላይ ሲሆን ማሽኑ ምን እንደሚያደርግ ማንም እንደ እኔ አይቶት አያውቅም። ሌላ ሰው ልብስ አስገብቶ ይሄዳል፣ እኔ መስታወቱ ፊት ዱካ ላይ ቁጭ እላለሁ። ምን ሥራ አለኝ? ውስጥ ያለው ቀዳዳ የበዛበት በርሜል ልብሱን ይዞ ወደ ላይ ይወጣል። አናት ላይ ሲደርስ ይለቀዋል። ልብሱ ከላይ ወርዶ ይላተማል፣ ጧ! እንደገና ይዞት ይወጣል፣ እንደገና ጧ! አክስቴ ከፊት ክፍል ሆና ይህን ስትሰማ ፊቷ ይበራል። «ሰማችሁት? እያጠበ ነው!» ትላለች ለደንበኛ። በእጇም ብታጥብ የምታደርገው ይህንኑ ነው፣ ድንጋይ ላይ ማንሳትና መምታት።

ለጂንስና ለአንሶላ ይህ ጥሩ ነው። አልዋሽም። ግን አንድ ቀን የአንዲት መምህርት ነጠላ ቀዩ ነጥብ ላይ ገብታ ስትወጣ ገመድ ሆና ወጣች። እኔና አክስቴ አንዱን ጫፍ አንዱን ጫፍ ይዘን ለመፍታት ግማሽ ቀን ጎተትን። ተፈታች፣ ግን ነጠላ ሳይሆን መረብ ሆና ነው። መምህርቷ አየቻት። ዝም ብላ አጥፋ ይዛት ሄደች። አክስቴ «ድሮውንም ያረጀ ነበር» አለች። እኔ ግን የሴትየዋን ፊት አይቼዋለሁ።

ከዚያ በኋላ ነው ላባውን የሞከርኩት። አክስቴ ለቅሶ ሄዳለች። የራሴን ሻሽ አስገባሁ፣ በሩን ዘጋሁ፣ መዞሪያውን ላባው ላይ አደረግሁ። ልቤ ዶሮዋ ራሷ ከውስጥ የምትጮህ ይመስል ይመታል። ማሽኑ ውኃ ሞላ፣ ከወትሮው በለጥ አድርጎ ሞላ። ከዚያ በርሜሉ ወደ ቀኝ ትንሽ ሄደ። ግማሽ ዙር እንኳን አይሞላም። ቆመ። እኔ ተበላሸ ብዬ ልነሳ ስል ወደ ግራ ትንሽ ሄደ። ቆመ። ሻሼ ወደ ላይ አልወጣም፣ አልተላተመም። ውኃው ውስጥ ተኝቶ እሽሩሩ እንደሚባል ሕፃን ወዲህና ወዲያ አለ። ሲቆም ሳሙናው ውስጡ ይገባል፣ ሲሄድ እድፉ ይወጣል። ያን ቀን አንድ ነገር ገባኝ። ማሽኑ የሚያጥበው ሲሄድ ብቻ አይደለም፣ ሲቆምም እያጠበ ነው።

ታዲያ ለአክስቴ ነገርኳት? አልነገርኳትም። ሄጄ ፊቷ ቆምኩ፣ አፌን ከፈትኩ፣ አየር ወጣ። የሚኒባሱ ነገር እንደገና።

ስለዚህ በስውር ሥራ ጀመርኩ። አክስቴ ለቅሶ ወይም ገበያ በሄደች ቁጥር ስስ ልብስ በላባው ይታጠባል። እሷ ስትመጣ መዞሪያው ቀዩ ነጥብ ላይ ተመልሷል። ሰው ነጠላውንና የሐበሻ ቀሚሱን ተቀብሎ ሲያመሰግን አክስቴ «ቀዩ ነጥብ እኮ ነው!» እያለች ማሽኑን መታ መታ ታደርገዋለች። እግዜር ይቅር ይበለኝና፣ ለቅሶ ሲጠፋ ስስ ልብሱ ሲከመር፣ ይጨንቀኝ ጀምሮ ነበር።

ደግሞ ሳልነግራችሁ እንዳላልፍ፣ የእትዬ በላይነሽ ቆጮ አለ።

እትዬ በላይነሽ ጎረቤታችን ናት። መስቀል ሁለት ሳምንት ሲቀረው ከአዲስ አበባ ለሚመጡት ልጆቿ የሚሆን ብዙ ቆጮ ነበራት። ቆጮ እንደምታውቁት ከመጋገሩ በፊት በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ተጠምዝዞ፣ ውኃው እስኪወጣ ይጨመቃል። ክንድ የሚገድል ሥራ ነው። እትዬ በላይነሽ አንድ ቀን ብርድ ልብሷን ልትወስድ መጣችና ከማሽኑ ሲወጣ ነካችው። ሊደርቅ ምንም አልቀረውም። ቆም ብላ አሰበች። ከዚያ «ጥሩወርቅ፣ ይሄ ብርድ ልብስ ከጨመቀ የእኔን ቆጮ ምን ይከለክለዋል?» አለቻት አክስቴን። አክስቴ በማሽኗ ጉልበት የመጣባትን ሰው እምቢ ማለት አትችልም። «ምንም አይከለክለው!» አለች።

እኔ ከኋላ ቆሜ አይሆንም ለማለት ራሴን ነቀነቅሁ። ራስ መነቅነቅ ግን ማንም አይሰማውም።

ቆጮው በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ፣ አራት ቦታ ታስሮ፣ እንደ ሙሽራ ታቅፎ ገባ። መጭመቂያው ተከፈተ። በርሜሉ መዞር ሲጀምር ቆጮው እንደ ብርድ ልብስ ዙሪያውን አይበተንም፣ አንድ ጎን ይዞ ድንጋይ ሆኖ ቁጭ አለ። አንድ ጎኑ የከበደ በርሜል በፍጥነት ሲዞር ምን እንደሚሆን አይታችሁ ታውቃላችሁ? ማሽኑ መጀመሪያ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ዘለለ። ከዚያ፣ ሙት ይበለኝ፣ ሄደ። ከግድግዳው ተነስቶ በሩ ድረስ እየዘለለ ሄደ። እትዬ በላይነሽ «በስመ አብ!» ብላ ዱካው ላይ ወጣች። አክስቴ አቅፋ ልታስቆመው ሞከረችና አብራው ትንሽ ተጓዘች። የሶኬቱ ገመድ አልደርስ ብሎ ሲነቀል ነው የቆመው። ለሦስት ቀን የሰው ሸሚዝ ሁሉ ቆጮ ቆጮ ሸተተ። የአገሩ ሰው ምንም አላለም። ከሰሜን የመጣ አንድ አስተማሪ ብቻ ሸሚዙን አሽትቶ «ይቅርታ፣ ሳሙና ቀየራችሁ እንዴ?» ብሎ በትሕትና ጠየቀ።

እንግዲህ አባባ ዳምጤ ጋቢያቸውን ይዘው የመጡት ይህ ሁሉ ከሆነ በኋላ፣ መስቀል አምስት ቀን ሲቀረው ነው።

አባባ ዳምጤ ከከተማው ወጣ ብለው እንሰትና በርበሬ የሚያለሙ ሽማግሌ ናቸው። ባለቤታቸው ካረፉ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። ጋቢውን ጥጡን ባዝተው፣ ፈትለው፣ ለሸማኔ ሰጥተው ያሠሩላቸው ባለቤታቸው ነበሩ። የመጨረሻ ፈትላቸው ነው። መስቀል ሲደርስ ልጆቻቸው ከአዲስ አበባ ተሰብስበው ይመጣሉ፣ አባባ ዳምጤም ያንን ጋቢ ለብሰው ተቀምጠው ይመርቋቸዋል። ልጆቹ የእናታቸውን እጅ የሚያዩት በዚያች ቀን፣ በዚያ ጋቢ ላይ ብቻ ነው። አሁን ግን ጋቢው ጭስ ጠጥቷል። ደረቱ ላይ ደግሞ የአምና የክትፎ ቅቤ መዳፍ የሚያህል አለበት። በእጅ እንዳይታጠብ ውኃ ሲነካው አንድ ሰው አያነሳውም። ምራታቸው በስልክ «ቡታጅራ ማሽን አለላችሁ እኮ» ብላቸው ነው ያመጡት።

አባባ ጋቢውን ለአክስቴ ሰጧት፣ ግን አልለቀቁትም። እሷ አንዱን ጫፍ፣ እሳቸው አንዱን ጫፍ ይዘው ተነጋገሩ። አይበላሽም ወይ አሏት። ኧረ አባባ፣ ይሄ ማሽን ያልቻለው የለም አለች። እሳቸውም እንግዲያው እስኪወጣ ድረስ አልሄድም አሉና የእኔን ዱካ ይዘው መስታወቱ ፊት ተቀመጡ፣ ሐኪም ቤት በር ላይ እንደሚቀመጥ ሰው። ከዘራቸውን ጉልበታቸው መሃል አደረጉ። እኔ ከጎናቸው ቆምኩ።

አክስቴ ቅቤውን አየችና ቀዩ ነጥብ ላይ ይሁን፣ ውኃውም በጣም ይሙቅ፣ ቅቤ ካልተደበደበ አይለቅም አለች። ጋቢውን አስገባች፣ መዞሪያውን አዞረች፣ ደንበኛ ጠርቷት ወደ ፊት ክፍል ወጣች። ማሽኑ ውኃ መሙላት ጀመረ።

እኔ የመምህርቷን ነጠላ አስታወስኩ። ያ ስስ ነው፣ ይህ ደግሞ ወፍራም፣ ውኃ ሲጠጣ ድንጋይ የሚሆን የእጅ ፈትል። ከላይ እየወረደ ሲላተም፣ በፈላ ውኃ ሲኮማተር ታየኝ። መረብ ሆኖ ሲወጣ ታየኝ። አባባ ዳምጤ ምንም ሳይሉ አጥፈው ይዘውት ሲሄዱ ታየኝ። መቼም መምህርቷ ሌላ ነጠላ ትገዛለች። ይህንን የፈተለችውን እጅ ማን ያመጣዋል?

አክስቴን ልጥራት? አፌን ከፈትኩ። አየር።

እጄን ዘረጋሁና ማሽኑን አቆምኩት። በሩን ከፍቼ ቅቤው ያለበትን ቦታ ፈሳሽ ሳሙና አድርጌ በመዳፌ አሸት አሸት አደረግሁት። ውኃውን ለብ ያለ አደረግሁ። መዞሪያውን ላባው ላይ አመጣሁና አስነሳሁት። አባባ ዳምጤ እጄን አዩ።

በርሜሉ ወደ ቀኝ ትንሽ ሄደ። ቆመ። ወደ ግራ ትንሽ ሄደ። ቆመ። ቤቱ ጸጥ አለ።

ጸጥታውን የሰማችው አክስቴ እየሮጠች ገባች። «መብራት ሄደ እንዴ?» ቀና ብላ አምፖሉን አየች፣ በርቷል። ወደ ማሽኑ ጎንበስ አለች። «ተበላሸ! ወይኔ ተበላሸ፣ አልዞር አለ!» አለችና የጋቢውን መወዛወዝ ሳታይ እጇን ወደ ቀዩ ነጥብ ሰደደች።

«አትንኪው!»

ማን ጮኸ? ዞር ብዬ አየሁ። አባባ ዳምጤ አይደሉም። ከዘራቸው ከእጃቸው ወድቋል። አክስቴ አይደለችም። እጇ አየር ላይ ቀርቷል። እትዬ በላይነሽ ከጎረቤት «ምን ሆናችሁ?» እያለች ብቅ አለች። መንገድ ላይ ይሄድ የነበረ ባጃጅ ቆሟል። የጮኽኩት እኔ ነበርኩ።

አንዴ ከተከፈተ በኋላ ደግሞ መዝጊያው ጠፋኝ። አንድ ዓመት የተጠራቀመው ሁሉ ወጣ። ላባው የዶሮ አይደለም እቴቴ አልኳት። ቀዩ ነጥብ ከላይ ይጥለዋል፣ ላባው ውኃ ውስጥ ያወዛውዘዋል አልኳት። ሲቆም አልተበላሸም፣ ሳሙናው እስኪገባ እየጠበቀ ነው አልኳት። ያ ሁሉ የተመሰገንሽበት የሐበሻ ቀሚስ በላባው ነው የታጠበው፣ አንቺ ለቅሶ ስትሄጂ አልኳት። ቆጮውንም ራሴን ነቅንቄ ነበር፣ አላየሽኝም አልኳት። ስለ ሚኒባሱ ሳይቀር ነገርኳት፣ ከተማውን ልይ ብዬ አልነበረም አልኳት።

አክስቴ አፏን ከፈተች። አሁን ከእሷ አየር ወጣ።

ቀድመው የተናገሩት አባባ ዳምጤ ናቸው። እሳቸው ከመስታወቱ ዓይናቸውን አልነቀሉም ነበር። «ይህቺ ልጅ እየናጠች ነው» አሉ።

ምን ማለታቸው እንደሆነ አልገባንም። ከዘራቸውን አንስተው በጫፉ መስታወቱን አመለከቱ። ባለቤታቸው ወተት ሲንጡ እንዲህ ነበር የሚያደርጉት፣ የመናጫውን ገንቦ ወዲህ ትንሽ፣ ወዲያ ትንሽ ያደርጉና ቆም ይላሉ፣ ጆሯቸውን ያስጠጋሉ፣ እንደገና ይጀምራሉ። አዲስ ያገቡ ጊዜ አባባ ራሳቸው ላግዝሽ ብለው ገንቦውን በጉልበት ሲያናውጡት ደፍተውት ቤቱን ወተት በወተት አድርገውታል። «ከዚያ ወዲህ አላስነካችኝም» አሉና ሳቁ። «ሰው ቢያቋርጣት ደግሞ ልክ እንደዚህች ልጅ ነበር የምትጮኸው።»

አክስቴ ቀስ ብላ ማሽኑ ፊት ቁጢጥ አለች። አገር ቤት ልጅ ሆና ስንት ዓመት ንጣለች። ጋቢው ወዲህ ሲል፣ ሲቆም፣ ወዲያ ሲል እያየች ቆየች። ከዚያ ጭኗ ላይ ያሉት እጆቿ ሳታውቀው ከበርሜሉ ጋር ወዲህና ወዲያ ማለት ጀመሩ። እትዬ በላይነሽም መጥታ አጠገቧ ቁጢጥ አለች። አራት ሰው አንድ ጋቢ ሲታጠብ ቁጭ ብለን አየን። ቴሌቪዥን እንኳን እንደዚያ ታይቶ አያውቅም።

መጭመቂያው ሲደርስ አቆምኩት። እርጥብ ጋቢ ብቻውን እንደዚያ ቆጮ አንድ ጎን ይዞ እንዳይቀመጥ ጋቢውን ዙሪያውን ዘርግቼ ሁለት ፎጣ በሌላው ጎን አደረግሁ። ቀስ ባለው ፍጥነት አስነሳሁት። እትዬ በላይነሽ ለማንኛውም ብላ ዱካው ላይ ወጣች። ማሽኑ ግን ካለበት ንቅንቅ አላለም።

ጋቢው ወጣ። ሁለት ገመድ ላይ ጥላ ሥር ዘርግተን አሰጣነው። አባባ ዳምጤ ጫፍ ጫፉን እየዳሰሱ ዞሩት። አንድ ክር አልተሳበም። ጭሱ ለቋል፣ ፈትሉም እንደ ድሮው ለስልሷል። ቅቤው ግን፣ ልዋሻችሁ አልፈልግም፣ ሙሉ በሙሉ አልለቀቀም። ፈዘዝ ያለ ቢጫ ጥላ ደረቱ ላይ ቀርቷል። አክስቴ ወዲያው አየችውና «ይኸውልሽ፣ ላባሽ!» አለችኝ። አባባ ዳምጤ ጥላውን በጣታቸው ነካ አደረጉና «ተይው ልጄ፣ መስቀል እኮ አምስት ቀን ነው የቀረው» አሉ። «እዚያው ላይ ሌላ ይንጠባጠብበታል።»

መስቀል ሲያልፍ ከልጆቻቸው ጋር ብቅ አሉ፣ ጋቢውን ለብሰው። እንዳሉትም ሌላ ተንጠባጥቦበታል። የመጨረሻ ሴት ልጃቸው ጫፉን ይዛ ፊቷ ላይ አድርጋ ቆየች። ምንም አላለችም። እንደዚያ ያለ ዝምታ ይገባኛል።

አሁን መዞሪያው ላይ ሁለተኛ ነጥብ አለ፣ ላባው ላይ። ያደረገችው ራሷ አክስቴ ናት። ግን ሰው አመሉ አይለቀውም። ማሽኑ ጸጥ ባለ ቁጥር አንዱ «ኧረ ቆሟል!» ብሎ እጁን ይሰዳል። እኔም «አትንካው!» እላለሁ። ሌላዋ በሩን ልትጎትት ትመጣለች፣ «እየታጠበ ነው፣ እጅሽን!» እላለሁ። እትዬ በላይነሽ ሩዝ ልታጥብበት ትጠይቃለች፣ «አይሆንም!» እላለሁ። ባለፈው ወደ ቡኢ ስሄድ «ወራጅ አለ!» ብዬ ሾፌሩ ደንግጦ መንገዱ መሃል ፍሬን ያዘ። ደንበኞች ለአክስቴ ያቺ ጭምት ልጅ የት ሄደች፣ ይህቺን ጯሂ ከየት አመጣሻት ይሏታል።

አክስቴ ሁልጊዜ ያለ ድምፅ የሚጠራ ልብስ የለም ትል አልነበር? ይኸው በላባው ጸጥ ብሎ ይታጠባል ብዬ ላሸንፋት ነበር የፈለግሁት። ትናንት ከፊት ክፍል ሆና ስጮህ ሰማችኝና ለደንበኛዋ ምን አለቻት መሰላችሁ?

«ሰማሽው? እያጠበ ነው።»